ቀሪ ውሃ

አባቴ የቦቴ ሾፌር ነበር። እስከ 1980 ዓ.ም. ክረምት ድረስ በእኛ ሰፈር ቦቴ ማለት የነዳጅ መኪና ነው፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ስለዚህ አባባ የዚያችን አሮጌ ፊያት ኤንትሬ ታንከር በፍል ውሃና በሳሙና ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስፈገፍግ ያዩ የጅግጅጋ ሾፌሮች ተሳለቁበት። "ጋሼ፣ ጠላ ልትጠምቅባት ነው እንዴ?" አሉት። ሦስት ቀን ቢፈገፈግም የናፍጣው ሽታ አልለቀቀም። የእኛ ቦቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሐርትሼክ ያደረሰችው ውሃ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ነበር። ሽታውን ምክንያት አድርጎ ውሃውን የመለሰ ሰው ግን አላየሁም።

እኔ ያኔ ዕድሜዬ ዐሥራ አራት ነው። ትምህርት ተዘግቷል። የአባባ ረዳት ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይታፈስ ብሎ ገጠር ዘመዶቹ ዘንድ ሸሽቶ ነበርና ቦታው ለእኔ ተረፈ። ቱቦ እዘረጋለሁ፣ ቫልቭ እከፍታለሁ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ታኮ አስገባለሁ። ዛሬ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር ስላቸው ተማሪዎቼ አያምኑኝም። አልፈርድባቸውም። አሁን ሄዶ ለሚያያት ሐርትሼክ ነፋስ የሚያንገላታት ትንሽ ከተማ ናት።

ከጅግጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቀብሪበያህ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድንበሩ ታጥፈው ሜዳውን ሲያያዙት ሐርትሼክ ነው። ይህ ሜዳ የሃውድ ጫፍ ነው። ሃውድን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበል፤ ዝናብ ሲጥል ግመልና በግ የሚጠግብበት፣ ዝናቡ ሲያልፍ ወፍ እንኳ የማያርፍበት ሰፊ ሣራማ መሬት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። የጉድጓድ ውሃ ከተገኘም በጣም ጥልቅ ነው። አርብቶ አደሩ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሐርጌሳና ከቡርኦ በኩል ዝናቡን ተከትሎ ይገባል፣ ድርቁ ሲመጣ ይመለሳል። እንግሊዞች በ1947 ዓ.ም. ሃውድንና አጎራባቹን መሬት ለኢትዮጵያ መልሰው ሲያስረክቡ እንኳ በስምምነቱ ላይ ከማዶ ለሚመጡት ከብቶች የግጦሽ መብት ተጽፎላቸዋል። ድንበሩ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ግመል ግን ካርታ አያነብም።

ለውሃው ሰው የዘየደው መላ ቢርካ ነው። መሬት ይቆፈራል፣ ጎንና ጎኑ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ የዝናብ ጎርፍ ይገባበታል፣ ከላይ በእሾህ ይሸፈናል። ቢርካ ባለቤት አለው። በድርቅ ጊዜ ባለቤቱ ውሃውን በጀሪካን ይሸጣል፤ ለዘመዱ በዱቤ፣ ለችግረኛው በነጻ ይሰጣል። ማን ለማን ስንት ጀሪካን እንደሚሰጥ ሽማግሌው ሁሉ ያውቀዋል። የሐርትሼክ መንደር ስደተኛ ከመምጣቱ በፊት የኖረው በዚህ ሒሳብ ነበር።

ሒሳቡን ያፈረሰው ሩቅ ቦታ የተፈረመ ወረቀት ነው። መጋቢት 25 ቀን 1980 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱና የሶማሊያው ሲያድ ባሬ አንዳቸው የሌላውን አማፂ መርዳት ሊያቆሙ ተስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ጦር መኖሪያ እንደሚያጣ ሲገባው ድንበሩን ተሻግሮ ገባ። ግንቦት 19 ቡርኦን፣ ከአራት ቀን በኋላ ሐርጌሳን አጠቃ። የሲያድ ባሬ መልስ ከተሞቹን ከአየርና ከምድር መደብደብ ሆነ። አውሮፕላኖቹ ከሐርጌሳ ከራሷ ማረፊያ ተነሥተው ሐርጌሳን ደበደቡ። ሕዝቡ የቻለውን ያህል አንጠልጥሎ ከብቶቹ በሚያውቁት መንገድ ወደ ሃውድ መጣ። መንገዱ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር የሰው ብዛት ነው።

በከፍተኛው ጊዜ ሐርትሼክ ላይ ከ200 ሺሕ ሰው በላይ ሰፍሯል። ስለ ቁጥሩ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር። አንዱ ቤተሰብ ሦስት ካርድ ይይዛል፣ ጎረቤት ልጁን ያውሳል ይባል ነበር፤ አዎ፣ ይደረግ ነበር፣ እኔም አይቻለሁ። ብቻ ለጊዜው 200 ሺሕ እንበልና አባባ በሲጋራ ፓኬት ጀርባ ላይ የሠራውን ሒሳብ ላስላው። ለሰው በቀን አምስት ሊትር ብቻ ቢታደል አንድ ሚሊዮን ሊትር ነው። የእኛ ቦቴ የምትይዘው ዐሥር ሺሕ። ስለዚህ በየቀኑ መቶ ቦቴ መድረስ አለበት፤ አንዱም ጎማ ሳይፈነዳ፣ አንዱም ጭቃ ሳይይዘው። ዛሬ የእርዳታ ሰዎች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላሉ። አባባ ያንን ቢሰማ ፓኬቱን ይወረውረው ነበር። መቶ ቦቴ የደረሰበትን ቀን አላስታውስም።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መንገዱ ይቦካል፣ ቦቴው እስከ ሻንሲው ይሰምጣል፣ እኛ ሁለትና ሦስት ቀን መኪና ሥር እናድራለን። ሰው ግን ያን ጊዜ አይጠማም፤ ከየኩሬው ይቀዳል። ከሳምንት በኋላ የክሊኒኩ ድንኳን በሆድ ሕመምተኛ ሕፃናት ይሞላል። አንዲት ነርስ አባባን "ከዝናቡ ይልቅ የእርስዎን ናፍጣ እመርጣለሁ" ብላው ነበር። ለዓመታት እንደ ሽልማት ሲያወራው ኖሯል።

ቦቴዋ ብቅ ስትል ልጆች "ቢዮ! ቢዮ!" እያሉ ከኋላዋ ይሮጣሉ። ቢዮ በሶማልኛ ውሃ ነው። አባባን "አዴር" ይሉታል፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ውሃው ሸራ ጨርቅ በመሰለ ትልቅ የጎማ ታንከር ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያ በቧንቧ ወደ ማደያው ይወርዳል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከሌሊት ጀምሮ ያሰልፋሉ። ራሳቸው የሉም፤ ተራ የሚጠብቀው ጀሪካኑ ነው። ቢጫ ጀሪካን፣ ሰማያዊ ጀሪካን፣ የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ የሚል ጽሑፍ ያለበት የዘይት ቆርቆሮ። ያንን ሰልፍ አይቶ የየቤተሰቡን ኑሮ መናገር ይቻል ነበር፤ ባለ ሦስት ጀሪካኗ ዘመድ አላት፣ ባለ ቆርቆሮዋ ብቻዋን ነው የመጣችው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከውሃው መቅጃ እስከ ካምፑ ባለው መንገድ ዳር መንደሮች አሉ። ሰዎቹ እንደ ስደተኞቹ ሶማሌ ናቸው፤ ያው ቋንቋ፣ ያው ሃይማኖት፣ ብዙ ጊዜም ያው ዘመድ። ልዩነታቸው ካርድ የሌላቸው መሆኑ ብቻ ነው። ካርድ ያለው "ቃሖቲ" ነው፣ ስደተኛ፤ ስንዴ፣ ዘይት፣ ውሃ ይገባዋል። ካርድ የሌለው ባላገር ነው፤ የሚገባው አቧራ ነው። በየቀኑ ቦቴ በቦቴ ላይ ውሃ ሞልቶ በደጁ ያልፋል። ስደተኛው ሲመጣ ቢርካውን ከፍቶ ያጠጣው ይኸው ባላገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት፣ ቦቴም ስንዴም ገና ሳይደርስ፣ ሰዉን በሕይወት ያቆየው የእሱ ቢርካና የእሱ ወተት ነው። ስለዚህ ነገር የሚያወራ ሪፖርት አንብቤ አላውቅም፤ ቢርካ ሪፖርት አይጽፍም። ሰኔ ሲያልቅ ብዙዎቹ ቢርካዎች ተሟጥጠው ነበር።

የሚያሠራን መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ግልጽ ነበር። ውሃው ለስደተኛ ነው፤ መንገድ ላይ አይቆምም፣ አይቀዳም። ሊትሩ ሲጫን ይመዘገባል፣ ሲገለበጥ ይመዘገባል። አባባ ትእዛዝ የሚያከብር ሰው ነው። ግን ከገለበጥን በኋላ ታንከሩ ሥር ቱቦው የማይደርስበት ውሃ ይቀራል፤ ምናልባት መቶ፣ መቶ ሃምሳ ሊትር። ቀሪ ይለዋል። በመልሳችን ላይ አንዲት ፍየል ጠባቂ ሴት ከመንገድ ዳር ግማሽ በርሜል አቁማ ነበር። አባባ እዚያ ሲደርስ ፍጥነት ይቀንስና "እስቲ ያ ቫልቭ ያፈሳል መሰለኝ፣ ውረድና እየው" ይለኛል። ወርጄ አየዋለሁ። በርግጥም ያፈሳል፣ እኔ ስከፍተው። በርሜሉ ይሞላል። "አዎ፣ ያፈሳል" ብዬ እመለሳለሁ። "እንግዲህ አንድ ቀን ማሠራት አለብን" ይላል አባባ።

ቀሪው ቀስ በቀስ እየጨመረ መጣ። አባባ ቱቦው ቶሎ እንዲነሣ ያዘኝ ጀመር። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጣ፤ የሚጫነውና የሚገለበጠው አልገጥም ብሎታል። አባባ "ቫልቩ ያፈሳል" አለ። መኪናዋ ጋራዥ ገባች፣ መካኒኩ ቫልቩን ፈትቶ አየ፣ ምንም የለበትም። ከአባባ ደመወዝ ላይ ሁለት ወር ተቆረጠ። ቤት መጥቶ ለእናቴ የነገራት ግን ጎማ ስለተቀደደ ነው ብሎ ነው። እናቴ ሳታምነው ዝም አለችው።

እናቴ ዝም ያለችበት ምክንያት አለ። መስከረም 1970 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ ጦር ጅግጅጋን ሲይዝ እኛም ሸሽተናል። እኔ አራት ዓመቴ ነው፤ የማስታውሰው የእናቴን ጀርባና የካራማራን ዳገት ብቻ ነው። ሐረር የማናውቃቸው ሰዎች አንድ ክፍል ለቀውልን ስድስት ወር ተቀምጠናል። ካራማራ በየካቲት 26 ተመልሶ ከተያዘ በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ በተራው ሌላው ሸሸ፤ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር የኦጋዴን ሶማሌ ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ውስጥ ካምፕ ገባ። ዐሥር ዓመት እዚያ ስንዴ ሲሰፈርለት ኖሮ፣ በ1980 ሐርጌሳ ስትነድ ከሐርጌሳዎቹ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ጀመረ። እና ሐርትሼክ መዝገብ ፊት ሲቆም ምን ይባል? ስደተኛ ነው? ተመላሽ ነው? ባላገር ነው? መዝጋቢዎቹ በዚህ ጥያቄ ራሳቸውን ሲያሳክኩ አይቻለሁ። ከሦስቱ የሚያዋጣውን ስም የሚያውቀው ባለ ጉዳዩ ራሱ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ሁለቱም መንግሥታት ወደቁ፤ ሲያድ ባሬ በጥር፣ ደርግ በግንቦት። የሞቃዲሾው ጦርነት አዲስ ስደተኛ አመጣ፤ የቀብሪበያህ ካምፕ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። በላዩ ላይ በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠር ተመላሽ፣ በላዩ ላይ የተበተነ ወታደር፣ በላዩ ላይ ድርቅ። ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ተራበ። ያኔ ነው ካርዱ ራሱ ፌዝ የሆነው። በ1984 ገደማ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ሌሎቹም አብረዋቸው፣ በሐረርጌና በኦጋዴን እርዳታውን ስደተኛ፣ ተመላሽ፣ ነዋሪ ሳይሉ በየአካባቢው ለሚኖረው ሁሉ ለማዳረስ ተስማሙ። ክፍፍሉን የየጎሣው ሽማግሌዎች እንዲመሩት ተደረገ። በእርዳታ ሰዎች ቋንቋ ይህ ትልቅ አዲስ አሠራር ነበር፤ ተጽፎበታል፣ ተሰብስበውበታል። አባባ ሲሰማ "ታዲያ ሁለት ወር ደመወዜን ይመልሱልኛል?" አለ።

ስለ ገበያው ሳልናገር ባልፍ የድሬዳዋ አንባቢ ይታዘበኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሐርትሼክ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ረሃብ አይደለም፤ ቴፕ ነው። ከበርበራ ወደብ የሚመጣው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጨርቅ፣ ጫማ፣ ሽቶ በካምፑ መሐል ይዘረጋል። በተቃራኒው ከአወዳይ የተነሣ ጫት ወደ ሐርጌሳ ያልፋል። ስደተኛው የተሰጠውን ስንዴ ሽጦ ሩዝና ስኳር ይገዛል፤ ስንዴውን ባላገሩ ይገዛዋል። ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በመኪና ካራማራን ተሻግሮ የመጣው እህል እንዲህ ተገለባብጦ ካርድ የሌለው ቤት ይገባል። "እርዳታውን ሸጡት" እያሉ የሚቆጡ ነበሩ። እኔ ግን ገበያው ተቆጣጣሪ የማይቆርጥበት ሌላ የሚያፈስ ቫልቭ ነበር እላለሁ። ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ነጋዴ እየመጣ ይጭናል፤ ፊናንስ መንገድ ላይ ይጠብቃል፤ ነጋዴው ደግሞ ሌሊቱን ይጠብቃል። ጅግጅጋ ውስጥ ዛሬ ፎቅ ካላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ሱቃቸው ሐርትሼክ ላይ በአራት እንጨትና በአንድ የእርዳታ ሸራ የተሠራች ነበረች።

ዋጋውን የከፈለው ዛፉ ነው። ግራሩ ለማገዶ፣ ለአቃል (ለሶማሌ ጎጆ) ምሰሶ፣ ለከሰል አለቀ። በ1980 ከጥላው ሥር ምሳ የምንበላበት ቦታ በዐሥር ዓመቱ ጥላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ይህን ዕዳ የወረሰው ካምፑ ሲነሣ አብሮ የማይነሣው ነው።

የሐርጌሳ ሰዎች ወደ አገራቸው በብዛት መመለስ የጀመሩት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሻንጣና ፍራሽ፣ የአቃሉ እንጨት ሳይቀር በመኪና ተጭኖ በቶጎ ጫሌ በኩል ወጣ። እዚህ የተወለዱ ልጆች "አገራችን" ወደሚሉትና አይተውት ወደማያውቁት አገር ሄዱ። በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ሐርትሼክ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 409ን አወጣች። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስተናገድነው ስለ ስደተኛ የተጻፈ የራሳችን አዋጅ ሳይኖረን ነበር ማለት ነው። ስደተኛ ሥራ እንዲሠራ፣ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1110 የመጣው ደግሞ በ2011 ነው።

የደቡብ ሶማሊያ ሰዎች ግን የሚመለሱበት ሰላም ስላጡ ቀብሪበያህ ቀሩ። ከዚያ ዘመን ሁሉ ሳስበው ደስ የሚለኝ አንድ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ለዓመታት ውሃ በቦቴ ሲቀርብ ከኖረ በኋላ ከጀረር ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ተዘረጋ። ቧንቧው ካምፑ አጥር ላይ አልቆመም፤ ከተማውም ከዚያው ይጠጣል። አባባ ጡረታ ከወጣ በኋላ "አሳየኝ" ብሎኝ ወስጄዋለሁ። ቦኖው ፊት ቆሞ ሴቶቹን አያቸው። ማንኛዋ የካምፕ፣ ማንኛዋ የከተማ እንደሆነች ለመለየት ሞከረና አቃተው። ቧንቧውን ዘጋ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። "አያፈስም" አለ፣ ቅር ያለው ይመስል። ቧንቧው እስከ ዛሬ እንከን የለበትም አልልም፤ ጄኔሬተር ይበላሻል፣ ናፍጣ ያልቃል፣ ከተማው ሰፍቶ ውሃው አይበቃም። ሲጠፋ ግን ከሁለቱም ይጠፋል፤ አቤቱታ ለማሰማትም የሁለቱም ሽማግሌዎች አብረው ይሄዳሉ።

በ2015 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ከድንበሩ ማዶ ላስ አኖድ ላይ ጦርነት ተነሣና ወደ መቶ ሺሕ የሚጠጋ ሰው ወደ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ገባ። ቀድሞ የተቀበለው እንደ ልማዱ ነዋሪው ነው፤ በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ። የክልሉ መንግሥትና ሕዝቡ ሚርቃን ላይ መሬት ሰጡ፤ ካምፕ ሳይሆን ነዋሪና ስደተኛ ትምህርት ቤቱንም ጤና ጣቢያውንም የሚጋሩበት መንደር ይሁን ተባለ። መልካም ነው። ፎቶውን ሳይ ግን ዓይኔ የሄደው ከበስተጀርባ ወደቆመው ነጭ ቦቴ ነው።

በዚያው ዓመት ሐርትሼክ ሄድኩ። የታንከሮቹ የሲሚንቶ መሠረት አሁንም አለ፤ ተሰነጣጥቆ ፍየል ይተኛበታል። በመልሴ ላይ ያቺን የበርሜሏን ሴት ፈለግኳት፣ በሕይወት አገኛታለሁ ብዬ አልነበረም፤ ግን አገኘኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ ሻሂ አቀረበችልኝ። "ኤዶ፣ በዚያ ዘመን እዚህ ጋ የሚቆም ቦቴ ትዝ ይልሻል?" አልኳት፤ ኤዶ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

"ያ የሚያፈሰው?" አለች። "እንዴት ይዘነጋኛል ትላለህ! አላህ ነበር ያላላው። ሾፌሩ ምስኪን፣ ልጅ ይልክና ያሳየዋል፣ ልጁም አይገባው፣ ደጋግሞ ያየዋል፣ ያው ያፈሳል።" ሻሂዬን ሞላችልኝ። "ኋላ ተሠራለት?"

"አልተሠራም፣ ኤዶ" አልኳት።